ቀለም ያልነካው ጣት

መምህራችን ፍቅርአዲስ ሰሌዳው ላይ «አሻራ» ብላ ጻፈችና እያንዳንዳችን ቃሉን አንብበን አንድ ዓረፍተ ነገር እንድንሠራበት ጠየቀችን። የጎልማሶች ትምህርት የምንማረው ልጆቹ ወደ ቤት ከሄዱ በኋላ፣ በልጆቹ ወንበር ላይ ጉልበታችንን አጥፈን ነው። አንዷ «ባንክ ቤት አሻራዬን ሰጠሁ» አለች። ሌላዋ «ችግኝ ተክለን አሻራችንን አኖርን» አለች። ከኋላ የተቀመጡት አዛውንት «ሌባን አሻራው ያስይዘዋል» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቅሜ አነበብኳቸው። ዓረፍተ ነገሩ ግን እምቢ አለኝ። አፌን ስከፍት ዓይኔ ላይ የመጣው የእናቴ የቀኝ እጅ አውራ ጣት ነበር፤ ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለበት። ያ ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ነገር አይደለም። «ነገ እናገራለሁ» አልኳት። አሁን የምናገረው እሱን ነው።

ያደግሁት ከነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን በላይ ባለው ተረተር ላይ ነው። አባቴ ታሞ ሳይሰነብት ሲሞት እኔ የፊት ጥርሴን እየነቀልኩ ነበር። እናቴ የሻረግ እኔን፣ አንዲት ላምና አባቴ ያረሰውን መሬት ይዛ ቀረች። በሬ አልነበረንም፤ ቢኖረንም በኛ አገር ሴት ሞፈር አትጨብጥም። ስለዚህ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ምንይችል ያርሱልን፣ ምርቱን ደግሞ እኩል እንካፈል ነበር።

አያ ምንይችልን እወዳቸው ነበር። ድምፃቸው ካባቴ ድምፅ ጋር አንድ ነው፤ ከውጭ ሲጣሩ አባቴ የመጣ ይመስለኝና ልቤ ይዘላል። ከቅዳሜ ገበያ ሲመለሱ ከኮታቸው ኪስ ከረሜላ ያወጡልኛል። ከረሜላው የትምባሆ ሽታ አለው፤ እኔ ግን የከረሜላ ጣዕም እንደዚያ ነው ብዬ አምን ነበር።

ያን ዓመት ኅዳር ላይ ትልልቆቹ ሰዎች ስለ ለኪዎች ያወሩ ጀመር። አውድማ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ውሃ ስንቀዳ ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ። ለኪዎቹ ከታች ቀበሌ ደርሰዋል፤ ገመድ ይዘዋል፤ ስም ይጽፋሉ። እኔ የማውቀው ለኪ በገበያ ቀን የሴቶቹን ትከሻ በሜትር የሚለካውን ልብስ ሰፊ ነው። እኛንም ለክተው ቀሚስ ሊያሰፉልን ነው ብዬ ከአሁን አሁን መጡ እያልኩ ደስ አለኝ። የመሬት ይዞታ የሚመዘገብበት ጊዜ መሆኑን፣ በዚያ መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረ ሰው መሬቱ የእሱ እንደሚሆን ማን ይነግረኛል?

ወሬው በመጣ ሰሞን፣ አንድ ቀን ማለዳ፣ እናቴ አውራ ጣቷን ጠቅልላ አገኘኋት። ድስት ስታወርድ እንዳቃጠላት ነገረችኝ። ማር ቀብታ፣ ካባቴ አሮጌ ጋቢ ጫፍ ቀዳ አስራዋለች። ላየው ብላት ከለከለችኝ።

በማግስቱ አያ ምንይችል ምሥጋናው የሚባለውን ሰው አስከትለው መጡ። ምሥጋናው የሰፈራችን ጸሐፊ ነው፤ ወታደር ቤት ፊደል ቆጥሮ ተመልሶ የሰዉን ማመልከቻና ውል የሚጽፈው እሱ ነው። በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀትና አንዲት ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ሳጥን ይዟል። ሳጥኗን ሲከፍታት ውስጧ የበሰለ አጋም የመሰለ ቀለም የጠጣ ጨርቅ አለ። እንደዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ጣቴን ልነክር ስጠጋ እናቴ በቀሚሴ ጎትታ አስቀመጠችኝ።

ከንግግራቸው የያዝኩት ጥቂቱን ነው። ሴት ብቻዋን ስትሆን ለኪዎቹ እንደሚያታልሏት፣ መሬቱ ለጊዜው በአያ ምንይችል ስም ቢያዝ እንደሚሻል፣ ሽማግሌዎቹም በዚህ እንደተስማሙ ተነጋገሩ። አያ ምንይችል ወደኔ እያዩ «ለዚችም ቢሆን እኔ አለሁላት» አሉ። በዚህች ቃል ሆዴ ሞቀ። አባት አገኘሁ ማለት ነዋ።

እናቴ የተጠቀለለውን ጣቷን አሳየቻቸው።

«እስኪሽር ይታገሡኝ አያ። አሁን ቀለም ቢነካው ያመረቅዛል።»

«ለኪዎቹ መች ይታገሡናል የሻረግ?»

«ካስቸኮለዎት በግራዬ ላድርግልዎት?»

 አያ ምንይችል ፊታቸው ተለወጠ። ሰው ለወንድሙ በግራ እጁ ይሰጣል ወይ ብለው ጠየቁ፤ እኔ ጠላትሽ ነኝ ወይ አሉ። ምሥጋናው ሳጥኗን እየከደነ ሳቀና የግራ ጣት ያረፈበትን ውል ይዞ ሽማግሌ ፊት ቢቀርብ ዕድሜ ልኩን መቀለጃ እንደሚሆን ተናገረ። እውነቱን ነው፤ በኛ ዘንድ በግራ የተሰጠ እንደ ተወረወረ ነው። እናቴ አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ጠየቀች። እነሱ ሲወጡም አንገቷን እንደደፋች ነበረች። ቁስሉ ጠዝጥዟት መሰለኝ።

ዛሬ ሳስበው፣ አንገቷን የደፋችው ፊቷ እንዳይታይ ይሆናል።

እምቢ ማለት አትችልም ነበር። እምቢ ብትል ሞፈሩ በማግስቱ ከማሳችን ይወጣል። ሽማግሌዎቹ ከአያ ምንይችል ጋር አንድ ጽዋ የሚጠጡ የማኅበር ሰዎች ናቸው። «የሟች ወንድሙን አደራ ልጠብቅ ቢላት ናቀችው» ይባላል። የታመመ ጣትን ግን ማን ይወቅሳል?

አያ ምንይችል በየማለዳው እየመጡ ስለ ጣቷ ይጠይቁ ጀመር። እኔም እንዴት ያለ አሳቢ ሰው ናቸው እል ነበር። አንድ ቀን ቅቤ፣ አንድ ቀን የሬት ቅጠል ይዘው መጡ። እናቴ ሁሉንም በሁለት እጇ ተቀብላ መረቀቻቸው።

አንድ ነገር ግን ግራ ገብቶኝ ነበር። የእናቴ እንዝርት ይሞላል። ማታ ስተኛ ባዶ የነበረ፣ ጠዋት ስነሣ ፈትል ተጠቅልሎበት አገኘዋለሁ። ያለ አውራ ጣት እንዝርት እንደማይሾር እኔም አውቃለሁ፤ ልልመድ ብዬ ሞክሬው ነበርና። ብዙ አስቤ፣ ጻድቁ ነአኩቶ ለአብ ለድሃ ሴት አዝነው መልአክ ልከው እያስፈተሉላት ነው ከሚል ላይ ደረስኩ። ለማንም አልተናገርኩም። መልአክ ከተወራበት ይሸሻል ሲባል ሰምቻለሁ።

ያስደነገጠችኝ ጎረቤታችን እትዬ ሸጌ ናት። የእሷ ሌባ ጣት በሆስፒታል ተቆርጧል፤ ነገሩን ለሰው መተረክም ትወዳለች። እናቴ በሌለችበት አስቀምጣ፣ «የኔም እንደዚሁ በትንሽ ነው የጀመረኝ» ብላ፣ መግሉን፣ መጋዙን፣ የሐኪሙን ጓንት ሳታስቀር ነገረችኝ። ያን ቀን እህል አልወርድ አለኝ። እናቴ ያለ አውራ ጣት በምን ልታጎርሰኝ ነው?

ኩበት እለቅማለሁ ብዬ ቅርጫቴን ይዤ ወጣሁና ቁልቁል ወደ ነአኩቶ ለአብ ሮጥኩ።

ዋሻው ውስጥ ውሃው ከጣሪያው ዓለት ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከታች የተቀመጡት የድንጋይ ገንዳዎች ከስንት ዘመን ጀምሮ ያንን ጠብታ ሲቀበሉ ኖረው መሐላቸው ለስልሷል። አባ ገብረ ሊባኖስ፣ የእናቴ የንስሐ አባት፣ ከመጋረጃው ወጥተው ሲያዩኝ ቅርጫቴን አስቀምጬ መስቀል ተሳለምኩ።

«ማን ታሞ ነው ልጄ?»

«እናቴ ናት አባ። አውራ ጣቷ ሊቆረጥ ነው።»

ማን እንዳለ ጠየቁኝ፤ እትዬ ሸጌ አልኳቸው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እንደ ሐኪም ይጠይቁኝ ጀመር። አብጧል? አላበጠም። ይሸታል? ማር ማር ይሸታል። ሌሊት ታቃስታለች? ኧረ ደኅና ትተኛለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያመማት?»

«ለኪዎቹ መጡ ከተባለ ጀምሮ።»

አባ አተኩረው አዩኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉና ፊታቸውን ወደ ዓለቱ መለሱ፤ ትከሻቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሱ መሰለኝ። የእናቴ ነገር ካህን የሚያስለቅስ ከሆነማ አለቀላት ብዬ እኔም አለቀስኩ። አባ ዓይናቸውን ጠርገው በአንዲት የፕላስቲክ ኮዳ ጸበል ቀዱልኝ።

«ጸበል ሲጀመር ሰባት ቀን ይጨረሳል፤ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት። እኔም ነገ ጠዋት ብቅ እላለሁ።»

ሽቅብ እየሮጥኩ ጸበሉ እንዳይፈስ ብቻ ሳስብ መልእክቱ ከራሴ ጠፋ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ፣ እናቴ ገና ሳትነቃ፣ ኮዳውን ይዤ ተጠጋኋት። ጸበሉን ጨርቁ ላይ አፈሰስኩት። ከዚያ ቀስ ብዬ ፈታሁት። ከሥሩ ምን ልይ ይሆን ብዬ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ጨርቁ ሲያልቅ ጣቷ ወጣ፤ ንጹሕ፣ ሙሉ፣ ጠባሳ የሌለበት። ብዙ ስለ ተጠቀለለ እንደ ሕፃን ጣት ነጥቶ ለስልሷል። ጥፍሯም ቢሆን ያው ጥፍሯ ነው።

እናቴ በውሃው ቅዝቃዜ ባንና ስትነሣ እኔ ደጅ ደርሻለሁ። እየጮህኩ በየበሩ ሮጥኩ፤ ነአኩቶ ለአብ እናቴን አዳናት እያልኩ። ሴቶቹ ከየቤታቸው ወጡ። እትዬ ሸጌ ጣቱን ልታይ ገብታ ስትወጣ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ደጃችን በእልልታ ተሞላ። እናቴ በር ላይ ቆማለች። አውራ ጣቷን በአራቱ ጣቶቿ ውስጥ ጨብጣዋለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ተአምር ያየ ሰው እንደዚያ የሚሆን መሰለኝ።

እልልታውን ሰምተው አያ ምንይችልም መጡ፤ ምሥጋናውም ከነሳጥኑ ከኋላቸው አለ። አያ አማተቡ። ያማተቡት ከልባቸው ነበር፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ አይቻለሁ። ከዚያ እግዚአብሔር ጣቷን ከመለሰላት ነገሩን ዛሬ እንቋጨው አሉ። ምሥጋናው መደቡ ላይ ወረቀቱን ዘረጋ። ሳጥኗ ተከፈተች፤ ያ የአጋም ቀለም ታየኝ።

እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። እፍረት ይዟት መሰለኝ። እኔ ልረዳት እጇን ያዝኩና ጭብጧን ጣት በጣት አላቀቅሁት። አያ ምንይችል ደስ ብሏቸው ራሴን ዳበሱኝ። እናቴ ያን ጊዜ ወደኔ ያየችው አስተያየት እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ፤ ቁጣ አልነበረበትም። ሕፃን ገደል አፋፍ ላይ ሲሄድ ያየች እናት፣ ጮኻ እንዳታስደነግጠው ድምፅዋን ውጣ እንደምታየው ነበር። ይህንንም ያወቅሁት ልጄ ሰብሌ መራመድ ስትጀምር፣ እኔም እንደዚያው ሆኜ ባየሁ ጊዜ ነው።

«እንደምን አደራችሁ» የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። አባ ገብረ ሊባኖስ ናቸው። ሰው ሁሉ መስቀል ሊሳለም ተሻማ። አባ ጣቷን አዩት፤ ተመስገን አሉ። ከዚያ ሳጥኗን አዩ።

«ጸበሉን የጀመረችው መቼ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት» አልኩ እኔ፤ የሠራሁትን ሥራ ማንም እንዳይቀማኝ።

«ታዲያ ሰባቱ ቀን ሳይሞላ፣ ጸበል ያረፈበት ጣት ቀለም ውስጥ ሊገባ ነው?»

አያ ምንይችል አንዲት ደቂቃ የማትሞላ ነገር መሆኗን ለማስረዳት ሞከሩ። አባ አልተከራከሯቸውም፤ ሁላችሁም የምታውቁትን ሥርዓት ነው የጠየቅሁት አሉ። የመለሱላቸው ሴቶቹ ናቸው። አሁን እልል ያሉበትን ጣት ማን ያስደፍራል? እትዬ ሸጌ ግማሽ ጣቷን እያወዛወዘች፣ «ኧረ ይተዉ አያ፣ በልጅ ልጅዎ ይደርሳል፤ እኔን አይተው አይማሩም?» አለች። ምሥጋናው ማንም ሳያዘው ሳጥኗን ከደናት። እኔ የአያ ደግ ሥራ ስለ ተሰናከለ አዝኜ አለቀስኩ። አባ ራሴ ላይ መስቀላቸውን አሳርፈው፣ «ብርቱ ልጅ አለሽ የሻረግ» አሏት እናቴን። እናቴ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

አባ በዚያ ጠዋት አንዲት ውሸት አልተናገሩም። ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ አንዲት እንኳ የለችም።

ለኪዎቹ ሰባቱ ሳይሞላ መጡ። ገመድ እንጂ ሜትር አልያዙም፤ ቀሚስም አልነበረም። እናቴ በጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ማሳው ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ከዚህ ዋንዛ እስከዚያ ካብ፣ ከዚያ ካብ እስከ ወንዙ አፍ ብላ እየመራች ዞረች። ድንበርተኞቹ ትክክል ነው አሉ። አያ ምንይችልም ድንበርተኛ ናቸውና ተጠየቁ። ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ሊያዩ ከመጡት ከአባ ገብረ ሊባኖስ ፊት፣ የወንድሜ መሬት ነው፤ አሁን የእሷ ነው አሉ። የገመዱን ጫፍ ራሳቸው ያዙላት።

ከለኪዎቹ ጋር የመጣው ጸሐፊ ስሟን መዝገቡ ላይ ጻፈና ቀለሙን አቀረበላት።  ሰባቱ አልሞላማ! ቀሚሷን ጎተትኳት። ሰውየው ግን ቀና ሳይል፣ «ግራሽን፤ የግራ አውራ ጣትሽን» አላት።

እናቴ ግራዋን ሰጠችው።

ምሥጋናው ከአያ ምንይችል ጎን ቆሞ ነበር። «መንግሥት የሚወስደው ግራ ነው እንዴ?» ሲል ሰማሁት። አያ ምንይችል የእናቴን ቀለም የነካ የግራ ጣት አዩት። ከዚያ መሣቅ ጀመሩ፤ እያሳሉ፣ እንባቸው እስኪመጣ። ለምን እንደ ሣቁ ሳይገባኝ እኔም አብሬ ሣቅሁ። በተከታዩ ክረምትም መጥተው አረሱልን፤ እስኪሞቱም ያርሱልን ነበር። ከረሜላውም አልቀረብኝም።

ይህን ሁሉ ማንም አስቀምጦ አልነገረኝም። ቁርጥራጩን በየዘመኑ እየለቀምኩ የሰፋሁት ነው። ያ መሬት አሳደገኝ። የተዳርኩት በደህና እህል ነው፤ ባሌ ሥራ ፍለጋ እንደ ወጣ ሲቀርም ገብስ ከእናቴ ቤት እየወረደልኝ ልጄን አላስራብኳትም። ትምህርት ቤት ግን አልገባሁም፤ ሩቅ ነበር፤ እናቴም ከኔ ሌላ ሰው አልነበራትም። ላሊበላ ወርጄ በሆቴል አንሶላ አጣቢ ሆንኩ። በረኪናው የጣቴን መስመር በልቶታል። ሰብሌ ስልኬን በጣት የሚከፈት አድርጋዋለች፤ በእሷ ጣት ይከፈታል፤ የኔን አያውቀውም። እሷ ትሥቃለች፤ እኔ እሰጋለሁ። ጣትሽን የማንም ስልክ ላይ አታሳርፊ፣ ሳታነቢ የትም አትፈርሚ እያልኩ አሰለቻታለሁ። በር ላይ ቆሜ መመለሷን የምጠብቅ ሴት ነኝ። ፊደል የጀመርኩትም ለዚህ ነው፤ እሷ ፊት የሚቀመጠውን ወረቀት እኔ ቀድሜ እንዳነበው።

ባለፈው ወር ለአዲሱ መታወቂያ ልንመዘገብ እናቴን ከተረተሩ በባጃጅ አወረድናት። ሰልፉ ረጅም ነው። ከፊታችን አንድ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ አንድ ሐኪም፣ ሁለት አስጎብኚዎች አሉ። ሁሉም እየገቡ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ ያሳርፋሉ። እናቴ ነገሩን ትክ ብላ ስታይ ቆየችና ወደ ሰብሌ ጆሮ ጠጋ አለች።

«ይሄ ሁሉ የተማረ ሰው ጣቱን ነው የሚሰጥ? ያንቺ እናት ታዲያ ምን ቆርጧት ነው ፊደል የምትቆጥር?»

ሐኪሙ ሰምቶ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ፤ ያም ሆኖ ተራዬ ሲደርስ ስሜን በእጄ ጻፍኩ። ባንቺዓለም። «ዓ» ትንሽ ተንጋደደች እንጂ ሌላው ቀጥ ብሏል። እናቴ ጽሑፉን በሌባ ጣቷ ሳትነካ፣ በአየር ላይ ተከተለችው።

ከዚያ የእሷ ተራ ሆነ። መዝጋቢዋ ወጣት ልጅ ናት፤ ትዕግሥተኛ። እናቴ የግራ ጣቶቿን አስቀመጠች፤ መሣሪያው አላነበበም። ጠረገችላት፤ አሁንም አላነበበም። እንዝርት፣ ማጭድና አመድ የጣቶቿን መስመር ልጠው ጨርሰውታል። የቀኙም አራት ጣት እንደዚያው ሆነ። የእናቴ ፊት ሲጨልም አየሁ። የሌለች ሰው ልትሆን ነው ብዬ እኔም ሰጋሁ።

«አውራ ጣትዎን እንሞክር እማማ፤ የቀኙን» አለች ልጅቱ።

እናቴ አሳረፈችው። መሣሪያው ወዲያው ድምፅ ሰጠ። ማያው ላይ ጣቷ ወጣ፤ መስመሩ እንደ ተረተራችን እርከን ደርዝ በደርዝ፣ አንዱም ሳይቆረጥ። ልጅቱ እንኳ ገረማትና፣ «ይሄኛው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የቀረልዎት?» ብላ ጠየቀቻት።

 እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። እንደማውቅ ታውቃለች፤ ድስቱንም፣ ማሩንም፣ እንዝርቱንም። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ተነጋግረንበት አናውቅም። ጣቷን ከመስታወቱ ላይ አንሥታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ታሞብኝ ነበር» አለቻት። «ይቺ ልጄ ናት በጸበል ያዳነችልኝ።»